ከደለል ጋር የተጣበቀ መርዝ፦ ከባሕር ወለል እስከ በሬሳ ወንዝ ዳር

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ ያደግሁ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ከፋብሪካ ወጥቶ ባሕር የሚገባ መርዛማ ኬሚካል አብዛኛው ውሃው ውስጥ አይቆይም፣ ከባሕሩ ወለል ደለል ጋር ይጣበቃል አሉን። እንዴት ነው የሚጣበቀው? ከተጣበቀስ ውሃው ነጻ ወጣ ማለት አይደለም? የምጠይቀው ለፈተና ብቻ አይደለም። አባቴ በሬሳ ወንዝ ዳር፣ ከከተማው በታች፣ ነጭ ሽንኩርትና ካሮት ያለማል። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ጥቁሩን ጭቃ እያወጣ ማሳው ላይ ይበትናል፤ ለም ነው ይላል።»

ወንድሜ፣ መምህርህ ያሉህ እውነት ነው። «ውሃው ነጻ ወጣ» ወደሚለው ስትሻገር ግን አንድ ነገር ዘለልክ። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ከደለል ጋር የሠራሁት በዚያችው በዘለልካት ነገር ምክንያት ነው። ደለል መርዝ ይይዛል፤ የሚይዘው ግን ያለበት ሁኔታ እስካልተለወጠ ድረስ ነው። ሁኔታው ሲለወጥ ይለቃል። ምን እንደያዘውና ምን እንደሚያስለቅቀው ያላወቀ ሰው ደግሞ ሳያስበው በገዛ እጁ ያስለቅቀዋል። የአባትህን ማሳ ጉዳይ ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ፤ እስከዚያው ግን ጥቁሩን ጭቃ ማውጣቱን ለጊዜው እንዲተዉት ለምናቸው።

«ተጣበቀ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ዲዲቲም፣ እርሳስም፣ ባዜቃም (ሜርኩሪም) አንድ እፍኝ ጭቃ ውስጥ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ እያንዳንዳቸውን የያዛቸው ነገር ግን ለየቅል ነው።

ቅባት ከሚወዱት ልጀምር። ቅቤ የከረመበትን ቅል በቀዝቃዛ ውሃ አሥር ጊዜ ብታለቀልቀው ቅቤው ንቅንቅ አይልም። የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው አጥብቀው የተያያዙ ናቸው፤ ቅባትነት ያለው ነገር መካከላቸው ሲገባ ገፍተው ያስወጡታል፣ እሱም መሰሉን ሲያገኝ እዚያ ያርፋል። ዲዲቲ፣ በድሮ ትራንስፎርመሮች ዘይት ውስጥ የነበሩት ፒሲቢዎች፣ ከነዳጅና ከማገዶ ጭስ የሚወጡት ፒኤኤች የሚባሉት፣ ሁሉም ጠባያቸው ይኸው ነው። ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ያደገ ጎልማሳ ለወባ ትንኝ ተብሎ የቤት ግድግዳ ላይ ይረጭ የነበረውን ዲዲቲ ያስታውሳል፤ ነጭ ሆኖ ለወራት ግድግዳው ላይ ይቆይ ነበር። ከዚያ ውስጥ በአንድ ሊትር ውሃ የሚሟሟው ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ ነው። ውሃና ቅባት አንድ ዕቃ ውስጥ አድርገህ ዲዲቲ ብትጨምርበት፣ ቅባቱ ውስጥ የሚኖረው መጠን ውሃው ውስጥ ካለው ከአንድ ሚሊዮን እጥፍ በላይ ይሆናል።

ደለል ውስጥ የቅባቱን ቦታ የሚይዘው ብስባሹ ነው፤ የሞተ አልጌ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ እበት፣ ጎርፍ ከየማሳው ጠርጎ ያመጣው ጥቁር አፈር። ስለዚህ የመርዙ መጠን የሚከተለው የጭቃውን ክብደት ሳይሆን በጭቃው ውስጥ ያለውን ብስባሽ ነው። ንጹሕ አሸዋ የቱንም ያህል ቢከመር የሚይዘው ትንሽ ነው። ብስባሽ የበዛበት ልስልስ ጭቃ ግን ቅቤ ጠጥቶ እንደወዛ ቅል ነው፤ መርዙ ላዩ ላይ ብቻ ሳይሆን ውስጡም ይሰርጋል። አንድ ወንዝ ወይም አንድ ባሕር ዳርቻ ላይ ቆመህ «መርዙ የት ነው ያለው?» ብትለኝ፣ መጀመሪያ የማየው ውሃው ዝግ የሚልበትንና ደቃቁ ነገር የሚዘቅጥበትን ቦታ ነው።

ከብስባሹም የሚበረታ አለ፤ ጥላሸት። ከእሳት የተረፈ ካርቦን ፒኤኤችን የሚይዝበት ኃይል ከተራው ብስባሽ ከአሥር እስከ መቶ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የእኛ ደጋ ሰው ማገዶ ሲያጣ ኩበት የሚያነድ ስለሆነ ጥላሸት ምን እንደሆነ ልነግርህ አያስፈልግም፤ ማጀቱ ጣሪያ ላይ ተጋግሮ እንደሚኖር ሁሉ በየደለሉም ውስጥ አለ። ይህን ጠባይ የተረዱ ሰዎች በአሜሪካና በኖርዌይ አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለውን የተዘጋጀ የከሰል ዱቄት በተበከለ ደለል ላይ በትነው ፒሲቢና መሰሎቹ ወደ ውሃው እንዳይወጡ ማሰር ችለዋል። ከዚህ ሙያ በጣም የምወደው ሥራ ይህ ነው፤ ጭቃውን ሳይነኩ፣ ካለበት ሳያነሱ ማሰር።

አሁን «ውሃው ነጻ ወጣ» ወደሚለው ልመለስ። ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ ፓሎስ ቨርደስ የሚባል የፓስፊክ ዳርቻ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ዲዲቲ የሚያመርት ፋብሪካ ፍሳሽ በከተማው የፍሳሽ ቧንቧ በኩል ወደዚያ ባሕር ይገባ ነበር። ፍሳሹ ከቆመ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ በወለሉ ደለል ውስጥ ያለው ሲሰላ ከ100 ቶን በላይ ዲዲቲና ከእሱ የተገኙ ውህዶች ነበሩ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ሰው ይዋኝበታል። ከወለሉ ትል እየለቀመ የሚኖረውን ነጭ ክሮከር የተባለ ዓሣ ግን እንዳትበሉ የሚለው ማስጠንቀቂያ ዛሬም አልተነሳም። ትሉ ጭቃውን ይውጣል፣ በሆዱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቅባት ስላለው ከጭቃው ላይ ዲዲቲውን ይስበዋል፣ ዓሣው ትሉን ይበላል፣ ሰው ዓሣውን ይበላል። ከጭቃው ጋር መጣበቁ ከውሃው አራቀው እንጂ ከሰው አላራቀውም።

የከባድ ብረቶቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እርሳስ፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ካድሚየም ቅባት አይፈልጉም፤ ውሃ ውስጥ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይዘው ነው የሚንቀሳቀሱት፣ የሚፈልጉትም አሉታዊ ቻርጅ ያለው ነገር ነው። ለዚህ መረሬን የሚያህል ምሳሌ የለም። በክረምት ጫማህን ተብትቦ የሚይዝህ፣ በበጋ ደግሞ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈራችን ውስጡ ስመክታይት የሚባል ሸክላ ነው። ስመክታይት እንደ መጽሐፍ ቅጠል በተደራረቡ እጅግ ቀጫጭን ንብርብሮች የተሠራ ነው፤ ውሃ በየንብርብሩ መካከል ሲገባ ያብጣል፣ ሲወጣ ይኮማተራል። የአንድ ግራሙ ገጽ ቢዘረጋ እስከ 800 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ዘጠኝ ግራሙ የእግር ኳስ ሜዳ ይሸፍናል ማለት ነው። ያ ገጽ በሙሉ አሉታዊ ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም ተሰልፈውበታል፤ እርሳስ ወይም ዚንክ ሲመጣ አንዱን አስለቅቆ ቦታውን ይይዛል።

ይህ አያያዝ ግን ልል ነው። ቦታ በመለዋወጥ የገባ ብረት ቦታ በመለዋወጥ ይወጣል፤ ብዙ ጨው ያለበት ውሃ ሲመጣበት ይፈናቀላል። (በነገራችን ላይ ደጋው ላይ አፈር ከምረው ሲያቃጥሉ አይተህ ከሆነ፣ የተቃጠለው መረሬ ቀልቶና ፍርፍር ብሎ ሲቀር ይህ የመያዝ ጠባዩም አብሮ ይዳከማል። ንብርብሮቹ ይጣበቃሉ፣ ብስባሹም ይነዳል። ለአንድ ሁለት ዓመት ገብሱ ያምራል፤ የአፈሩ መያዣ ግን ተሸጦ ነው።)

ጠበቅ ያለው መያዣ ዝገት ነው። በየጠጠሩና በየጭቃው ቅንጣት ላይ የምታየው ቡናማ ሽፋን የብረት (የአይረን) ኦክሳይድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ማንጋኒዝም ይቀላቀለዋል። በገጹ ላይ ያሉት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጫፎች ሃይድሮጅናቸውን ለቀው እርሳሱን ወይም መዳቡን በቀጥታ በኬሚካል ትስስር ይይዙታል። እርሳስ እንዲህ ከተያዘ ተራ ጨው አያስለቅቀውም። የሚያስለቅቁት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው አሲድ ነው፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ሲወርድ ሃይድሮጅኑ ቦታውን መልሶ ይወስዳል። ሁለተኛው የኦክስጅን እጦት ነው፤ አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ባክቴሪያዎች ዝገቱን ራሱን ይተነፍሱታል፣ ዝገቱ ይሟሟል፣ ተሸካሚው ሲጠፋ የተሸከመው ይወድቃል።

እዚህ ላይ ባሕሩ ከወንዛችን በእጅጉ ይለያል። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፤ ከዚያ ውስጥ 2.7 ግራም ያህሉ ሰልፌት የሚባለው የድኝና የኦክስጅን ውህድ ነው። የእኛ የደጋ ወንዝ ሰልፌት በሚሊግራም ነው የሚቆጠረው። ለዳርቻ ቅርብ በሆነ የባሕር ወለል ኦክስጅን ከላይኛው ስስ ንብርብር ሳያልፍ ያልቃል፣ ከዚያ በታች ያሉት ባክቴሪያዎች ሰልፌቱን ተንፍሰው ሰልፋይድ ያወጣሉ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው። ሰልፋይድ ካድሚየምን፣ እርሳስን፣ ዚንክን፣ ባዜቃን ሲያገኝ ወዲያው አብሯቸው ጠጣር ይሆናል፤ ያ ጠጣር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ለመለካት እስኪያስቸግር ድረስ ጥቂት ነው። በአንድ ጭቃ ውስጥ ያለው በቀላሉ የሚለቀቅ ሰልፋይድ ከብረቶቹ በቁጥር የሚበልጥ ከሆነ፣ በጭቃው መካከል ያለው ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ብረት ከሞላ ጎደል አይገኝም፣ ትሎቹም በእነዚያ ብረቶች አይሞቱም። የጭቃውን ጥቁረት የሚሰጠው የብረት (የአይረን) ሰልፋይድ ነው። እንግዲህ ጥቁር ጭቃ ማለት የተቆለፈ ሳጥን ነው፤ ቁልፉ ደግሞ አየር ነው።

ጨውም ሁለት ሥራ ይሠራል። ወንዝ ባሕር ሲደርስ፣ በአሉታዊ ቻርጃቸው እየተገፋፉ ተንሳፍፈው የመጡት የሸክላ ቅንጣቶች ጨው ሲያገኛቸው መገፋፋታቸው ይቀርና እንደሚረጋ ወተት ተያይዘው ይዘቅጣሉ። ለዚህ ነው የዓለም የወንዝ አፎች ሁሉ የመርዝ መጋዘን የሆኑት። ካድሚየም ግን እዚያው ቦታ ላይ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በጨው ውስጥ ካለው ክሎራይድ ጋር ወዳጅነቱ የጠበቀ ስለሆነ ወንዙ ውስጥ ይዞት የነበረውን ቅንጣት ትቶ ወደ ውሃው ይመለሳል። አንዱን ያዘቀጠ ጨው ሌላውን ያስነሳል። «ከባድ ብረቶች ከደለል ጋር ይጣበቃሉ» ብለህ ለፈተና ብትጽፍ ነጥብ ታገኛለህ፤ እኔ ግን «የትኛው ብረት፣ የት?» ብዬ ወረቀቱን እመልስልሃለሁ።

የጃፓኑ የሚናማታ ባሕረ ሰላጤ ወሬ ሳይደርስህ አይቀርም። አሴታልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል የሚሠራ ፋብሪካ ባዜቃ ያለበትን ፍሳሽ፣ ከዚያም ውስጥ እጅግ መርዛማ የሆነውን ሜቲል ባዜቃ፣ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1968 ወደ ባሕረ ሰላጤው ለቀቀ። ባዜቃው በሰው ላይ ያመጣው በሽታ በይፋ የታወቀው በ1956 ነው። ፍሳሹ ሲቆም ነገሩ ያበቃ ቢሆን ኖሮ ከ1977 እስከ 1990 የተደከመው ድካም ባላስፈለገ ነበር። በእነዚያ ዓመታት በሚሊዮን ከ25 እጅ በላይ ባዜቃ የያዘውን 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ጭቃ እየጠረጉ፣ የባሕረ ሰላጤውን አንድ ክፍል ገድበው ቀበሩበት፤ 58 ሄክታር አዲስ መሬት ሆነ። ለምን አልተዉትም? ባዜቃ በሰልፋይድ ቢያዝም እዚያው ሰልፌት የሚተነፍሱት ባክቴሪያዎች ከፊሉን ወደ ሜቲል ባዜቃ ይለውጡታል፤ ያ ደግሞ ከትንሹ ወደ ትልቁ ዓሣ እየተከማቸ ይሄዳል። ሌላውን ብረት የሚቆልፈው ጭቃ ለባዜቃ ማብሰያ ምጣድ ይሆናል ማለት ነው። የጃፓን ሰዎች ሲጠርጉ የፈሩትም ጭቃውን ማወክን ነበር፤ ዓሣው ወጥቶ እንዳይሄድ መረብ ዘርግተው ሠሩ፤ መረቡ የተነሳው በ1997 ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ፤ «ባሕር የለን፣ ይህ ለምን ይገደናል?» ለሚል ሰው የምመልሰው አለኝ። ሰሜን ሸዋ ውሃ በሁለት አቅጣጫ ተለያይቶ የሚወርድበት ጀርባ ነው። ከጣርማ በር ወዲህ፣ በደብረ ብርሃን በኩል የዘነበው በበሬሳና በመሰሎቹ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከገደሉ ወዲያ፣ በደብረ ሲናና በአንኮበር ሥር የዘነበው ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ መውጫ አጥቶ ይተናል። ዓባይ ደግሞ ደለሉን ሜዲትራንያን ያደርስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውሃ መያዝ ሲጀምር ግን አብዛኛው እዚያ ቀረ። ዛሬ ደግሞ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የህዳሴ ግድባችን ከሁሉም በፊት ይቀበለዋል። የሰሜን ሸዋ ጭቃ እንግዲህ የሚዘቅጠው በእኛው ግድብና በእኛው ሐይቅ ነው። የባሕር ወለል ኬሚስትሪ የምንማረው ለባዕድ አይደለም፤ የግድብ ወለል ጸጥ ያለ፣ ጥልቅና ኦክስጅን የሚያጥረው በመሆኑ ብዙው ነገር እዚያም ይሠራል፣ ሰልፌቱ አነስተኛ መሆኑን ሳንረሳ።

በሬሳ ራሱ ግን የመርዝ መቃብር ሳይሆን ማደሪያ ነው። ባሕር ላይ ደለል በየዓመቱ አዲስ እየተደረበበት አሮጌው ይቀበራል። እኛ ጋ የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ በጋውን ሙሉ የተኛውን ጭቃ ገልብጦ ይወስደዋል፤ ጥቁሩ ጭቃ ኦክስጅን ባለበት ውሃ ይታጠባል፣ የሰልፋይዱ ቁልፍ ይከፈታል፣ የተለቀቀው ብረት ከፊሉ በዝገት ቅንጣቶች ላይ እንደገና ይሳፈራል፣ ከፊሉ ተሟሙቶ ይሄዳል።

ከደብረ ብርሃን ጋር የሚያያዙትን ሁለት ነገሮች ለይቼ ልንገርህ፤ ከቆዳ ማልፊያ የሚወጣው ክሮሚየምና የጨርቅ ቀለም።

ቆዳ በክሮም ሲለፋ ከተጨመረው ክሮሚየም በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚወስደው ከ60 እስከ 70 በመቶ ነው፤ የቀረው በፍሳሹ ይወጣል፣ ካልተጣራ። ይህ ባለ ሦስት ቫለንስ የሚባለው የክሮሚየም ዓይነት ነው፤ ገለልተኛ በሆነ ውሃ ውስጥ ወዲያው ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል፣ ከዝገትና ከብስባሽ ጋርም አጥብቆ ይያያዛል። ወንድሙ ባለ ስድስት ቫለንሱ ግን ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ አሉታዊ ቻርጅ ይዞ ነው የሚሄደው፤ አሉታዊው የመረሬ ሸክላ ይገፋዋል፣ እንደ ልቡ ይጓዛል፣ ለሰውም ካንሰር አምጪ ነው። ጥቁሩ ጭቃ እዚህ ላይ ባለውለታችን ነው፤ የሚሟሟው ብረት (አይረን)፣ ሰልፋይዱና ብስባሹ ባለ ስድስቱን ወደ ባለ ሦስት ቀንሰው ያስቀምጡታል። ነገር ግን ያ ጭቃ ወጥቶ ሲደርቅና ከማንጋኒዝ ኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ከክሮሚየሙ የተወሰነው ተመልሶ ባለ ስድስት ሊሆን ይችላል። አዝጋሚ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ትንሽ ነው፤ ግን በተፈጥሮ አፈር ውስጥ ይህን ለውጥ የሚያመጣ ዋናው ነገር ማንጋኒዙ ነው፣ የሸዋ አፈርም ማንጋኒዝ አያጣም።

ቀለሙን በተመለከተ ሱፍ የሚነከርባቸው ብዙዎቹ ቀለሞች አሉታዊ ቻርጅ ያላቸው ናቸው፤ ሸክላው ስለሚገፋቸው ወንዙን አቅልመው ሩቅ ይሄዳሉ፣ የሚይዛቸው ዝገቱና ብስባሹ ነው። አዎንታዊ ቀለሞች ግን መረሬ ላይ ሲደርሱ ድራሻቸው ይጠፋል። ይህን በትምህርት ቤት ልታየው ትችላለህ፦ ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም በጠርሙስ ውሃ በጥብጠህ አንድ ማንኪያ መረሬ ጨምረህ ነቅንቀው፤ ሲዘቅጥ ውሃው ነጥቶ ታገኘዋለህ። ሌላ ጠርሙስ ውስጥ በመረሬው ፈንታ የታጠበ የወንዝ አሸዋ አድርግና አወዳድራቸው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አዞ (azo) የሚባሉት ቀለሞች አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ሲቆዩ ባክቴሪያዎች ይሰብሯቸዋል፣ ቀለሙም ይጠፋል፤ የሚቀሩት አሮማቲክ አሚኖች የሚባሉ ስብርባሪዎች ግን ቀለም የላቸውም፣ አንዳንዶቹም ከቀለሙ የከፉ ናቸው። ወንዙ ከቀይነት ወደ ጥራት ተመለሰ ተብሎ ሲነገር ስሰማ ልቤ የማያርፈው ለዚህ ነው።

ጊዜም የራሱ ድርሻ አለው። ትናንት የገባ መርዝና ከአሥር ዓመት በፊት የገባ መርዝ እኩል አይያዙም። ቅባት ወዳዱ ኬሚካል ቀስ እያለ ወደ ብስባሹና ወደ ጥላሸቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይሰርጋል፤ ንጹሕ ውሃ ብታሳልፍበት ከፊሉ በሰዓታትና በቀናት ይወጣል፣ የቀረው ወራትና ዓመታት ይፈጃል። አንድ ጭቃ ውስጥ ስንት ሚሊግራም አለ የሚለው ቁጥር ብቻውን ብዙ የማይነግርህ ለዚህ ነው። ቴሲየር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጡት ዘዴ ዛሬም የሚሠራበት ይህን ለመለየት ነው፤ ጭቃውን በአምስት ደረጃ እየጠነከሩ በሚሄዱ ኬሚካሎች ያጥቡታል። በቀላል ጨው የሚለቅ፣ ከካርቦኔት ጋር ያለ፣ ከዝገቱ ጋር ያለ፣ ከብስባሹና ከሰልፋይዱ ጋር ያለ፣ በመጨረሻም በድንጋዩ ውስጥ ያለና የማይወጣ።

በዚህ ዘዴ እኔው የሠራሁትን ስህተት ልንገርህ፣ አንተ እንዳትደግመው። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ከአንድ የፋብሪካ ፍሳሽ መውረጃ ሥር ጥቁር ጭቃ ሰብስቤ፣ እንደ ተራ አፈር ፀሐይ ላይ ዘርግቼ አድርቄ፣ ወንፍቼ ለካሁ። ካድሚየሙና ዚንኩ በቀላሉ በሚለቅቀው ክፍል ውስጥ በዝቶ ተገኘ። ወንዙ ውስጥ እያለ በሰልፋይድ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ በትሪ ላይ ዘርግቼ። አንድ ዓመት ሙሉ የለካሁት የጭቃውን ጠባይ ሳይሆን የማድረቄን ውጤት ነበር። ሁሉንም እንደገና ስሠራ የገባኝ ነገር ቢኖር ያ ትሪ አንድ ትንሽ ማሳ መሆኑ ነው።

የአባትህም ነገር ይኸው ነው። ለም ነው ማለታቸው ትክክል ነው፤ ጥቁሩ ጭቃ ናይትሮጅንም ፎስፎረስም ብስባሽም አለው፣ ሰብሉ ሲያምር ያዩት በዓይናቸው ነው። ግን ጭቃው ከወንዙ ወጥቶ ፀሐይና አየር ሲያገኝ ጥቁረቱ ይለቅና ቡናማ ይሆናል፤ ያኔ ሰልፋይዱ ይቃጠላል፣ ትንሽ አሲድም ይፈጠራል፣ ካድሚየምና ዚንክ ካለበት ለሥሩ ይለቀቃል። ይህን ራስህ ለማየት አንድ ማንኪያ ጥቁር ጭቃ ነጭ ሳህን ላይ አድርገህ አሳድረው፤ ጠዋት ላይ ላዩ ቡናማ ሆኖ ታገኘዋለህ። ከአትክልቶቹ ካድሚየምን በብዛት የሚወስዱት ሰላጣና ቆስጣን የመሳሰሉት ቅጠላማዎች ናቸው። እርሳስና ክሮሚየም ወደ ቅጠል ብዙ አይወጡም፤ በሥሩና በልጣጩ ላይ ባለው አፈር ይቀራሉ፤ ስለዚህ ካሮቱን በንጹሕ ውሃ አጥቦ መላጥ ትርጉም አለው። ለካድሚየም ግን መላጥ ብዙም አይረዳም።

ጭቃው ውስጥ ያለው የሚታወቀው በመለካት ነው፤ አለካኩን ደግሞ አንተ ትችለዋለህ። ክንድ የሚያህል የፒቪሲ ቧንቧ ውሰድ፣ ውሃው ዝግ የሚልበት ቦታ ቀጥ አድርገህ ጭቃው ውስጥ ትከለው፣ የላዩን ጫፍ አጥብቀህ ክደነው፣ ከዚያ ሳበው። ከከተማው በታች ከአባትህ ማሳ ፊት አንድ፣ ከከተማውና ከፋብሪካዎቹ በላይ ደግሞ ሌላ አውጣ። የላይኛው ለምን አስፈለገ ካልክ፣ የሸዋ ደጋ ድንጋይ ባዛልት ነው፣ ባዛልት በተፈጥሮው ክሮሚየምና ኒኬል አለው። በውጭ አገር ለወንዝ ደለል የወጣው መለኪያ በኪሎ ግራም 111 ሚሊግራም ክሮሚየም ሲያልፍ ጉዳት ይጠበቃል ይላል፤ ያን ቁጥር ብቻ ይዘህ ብትነሳ ፋብሪካ አይቶ የማያውቅ ወንዝም ሊያስደነግጥህ ይችላል። ፍርድ የሚሰጠው በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ያውም ሁለቱም በ63 ማይክሮን ወንፊት አልፈው ደቃቁ ከደቃቁ ጋር ሲወዳደር። ናሙናውን ከቧንቧው ሳታወጣ ሁለቱንም ጫፍ ከድነህ፣ አየር ሳታስገባ፣ በቀዝቃዛ ዕቃ በዚያው ቀን ወደ ዩኒቨርሲቲህ ላቦራቶሪ አድርሰው። አጠቃላዩን ብቻ ሳይሆን በጨው የሚለቀውንም ለክተው እንዲሰጡህ ጠይቅ፤ ክሮሚየሙን በባለ ሦስትና በባለ ስድስት እንዲለዩልህም። የማሳውን አፈር ለብቻው፣ ጭቃ ከተበተነበት አንድ፣ ካልተበተነበት አንድ ጨምር።

ውጤቱ እስኪመጣ አባትህ ከከተማው በላይ ያለውን የወንዝ ደለል ወይም የራሳቸውን ፍግ ይጠቀሙ። እስካሁን የተበተነውን ጭቃ ለማውጣት መቆፈር አያስፈልግም፤ እርጥበቱን ጠብቆ፣ ፍግ ጨምሮ፣ አፈሩ አሲዳማ እንዳይሆን መከታተል ይበቃል፤ ፒኤች ከፍ ባለ መጠን ካድሚየም ከሥሩ ይርቃል። ከተቻለም በዚያ መደብ ላይ ዘንድሮ ሰላጣና ቆስጣ አይትከሉ።

ቧንቧውን ስታወጣ ከላይ ያለው ቡናማ ንብርብር ስንት ጣት እንደሚሆን፣ ጥቁሩ ከየት እንደሚጀምር፣ ሽታውም የበሰበሰ እንቁላል መሆን አለመሆኑን ጽፈህ ላክልኝ። ቁጥሮቹ ሲደርሱህ ደግሞ አብረን እናነባቸዋለን።